በጨዋታ ሜዳ ለሚነሣው ጠብ ተጠያቂው ማን ነው?



ጨዋታ ሰውነትን እንደሚያጠነክር፥ አእምሮን እንደሚያድስ፥ ወዳጅነትንም እንደሚያጠብቅ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል፤ በፈተናም ተጠይቀን አሳምረን መልሰናል። ነገር ግን ከክፍል ወጥተን ሜዳ ስንደርስ የምናየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ ነው። ለወዳጅነት የተጠሩት ሁለት ቡድኖች ተኮራርፈው ይለያያሉ፤ በኳስ የተጀመረው በቡጢ፥ በጥንግ የተጀመረውም በዱላ ይፈጸማል። በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ ግቢም፥ በገበያውም፥ በቡናው ላይም የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ማን ጀመረው?» የሚል ነው።

ይህን ጽሑፍ ለዓመታዊው መጽሔታችን ለማቅረብ የተነሣሁት ጥያቄው ጎደሎ ሆኖ ስለ ታየኝ ነው። ጠብን የሚጀምረው አንድ ሰው ነው፤ የሚያሳድጉት ግን ብዙዎች ናቸው። ክብሪት የጫረውን ብቻ ይዘን ጭድ የከመረውን ብንለቀው እሳቱ ነገም ይነሣል። ስለዚህ «ማን ጀመረው?» ካልን በኋላ «ማን አሳደገው?» ብለን መጨመር ይገባናል። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ያሳደገው ከሜዳው ዳር የቆመው ተመልካች ነው። ተመልካች ስልም ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ማለቴ አይደለም፤ እኔ፥ አንተ፥ አንቺ፥ እናንተም ወላጆቻችን ነን።

ወደዚህ ፍርድ ከመድረሴ በፊት ዘወትር የሚከሰሱትን ሦስቱን ወገኖች በየተራ ልመርምር።

የመጀመሪያው ተከሳሽ አስቀድሞ እጁን የሰነዘረው ተጫዋች ነው። እርሱ ጥፋተኛ መሆኑን የሚክድ የለም፤ መቀጣትም አለበት። ነገር ግን ከሃያ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ በመቆጣቱ ሁለት መቶ ሰው ለምን እንደሚደባደብ የእርሱ ቁጣ ብቻውን አያስረዳንም። በክፍል ውስጥም ሁለት ተማሪዎች ይጋፋሉ፤ ጓደኞቻቸው መካከል ይገባሉ፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በሜዳ ላይ ግን ያው ግፊያ ጦርነት ይሆናል። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፤ የተለወጠው በዙሪያቸው የቆመው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ ዳኛው ነው። ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ አንዳንዱም ያዳላ ይሆናል። ሆኖም የዳኛን ስሕተት በዱላ ማረም ምን እንደሚያመጣ አገራችን አይታዋለች። በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና መከላከያ ሲጋጠሙ በአንድ ግብ መጽደቅ ምክንያት ዳኛው በተጫዋቾች ተባረው ተደበደቡ። ከዚያም በኋላ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የፕሪምየር ሊጉን ውድድር ለጊዜው አቋረጠው። ግቡ ትክክል ነበረ አልነበረም እያልን ዛሬም ልንከራከር እንችል ይሆናል። ነገር ግን ስለ አንዲት ግብ የተነሣ ቁጣ በዚያ ቀን በሜዳው ላይ ያልነበሩትን ክለቦች ሁሉ ሥራ አስፈታ። ዳኛ በተሳሳተ ቁጥር የሚደበደብ ከሆነ ደግሞ ነገ ፊሽካ የሚይዝልን ሰው አናገኝም።

ሦስተኛው ተከሳሽ ተጋጣሚው ቡድን ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። ሁለቱም ቡድኖች «እነሱ ናቸው» ስለሚሉ የሁለቱንም ምስክርነት ብንቀበል ጠቡን የጀመረ ሰው የለም፤ ከሰማይ ወረደ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሜዳ ልመለስ። ስሟ ሐሙስን በሚያስታውሰው ከተማችን በሐሙሲት፥ በደራ ገጠሮች ሁሉ፥ እንዲሁም ከዚያ ወዲያ በፎገራና በደብረ ታቦር በኩል የገና ጨዋታን የማያውቅ ልጅ የለም። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ጥንጓ ትጣላለች፤ አንዱ ወገን ወደ ላይ፥ ሌላው ወደ ታች ይነዳታል። ጌታ በተወለደ ጊዜ እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከእነርሱ መጣ ሲሉ አባቶቻችን ያወሱናል። ስሙም ከበዓሉ ጋር አንድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ።

ይህን ጨዋታ ከእግር ኳስ የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ በየመንደሩ ሲጫወቱት የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ጠርዝ በኖራ አይሰመርም። ዱላ ያነሣ ሁሉ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ተመልካችና ተጫዋች የሚለዩበት መስመር የለም። ሁለተኛው፥ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድበዋል። በዚያ ቀን አሽከሩ ጌታውን ቢሰድበው፥ በጨዋታም ቢገፋው፥ ጌታው እንዳይቆጣ የአባቶች ምሳሌያዊ አነጋገር ይከለክለዋል።

ይህን ሥርዓት ልብ ብለን እንመልከተው። አባቶቻችን ስድቡን ሲፈቅዱ ቁጣውን ከለከሉ። ሁለቱ እንደ በሬ ጥማድ አብረው የሚሄዱ ነበሩ። እኛ ግን ከጥማዱ አንዱን ፈትተን ለቀቅነው፤ ስድቡን በሙሉ ወረስን፥ ቁጣን የሚከለክለውን ግን ተውነው። ዛሬ በሜዳችን ላይ የሚሰማው ስድብ ስለ ጨዋታው እንኳ አይደለም፤ ስለ ሰው እናት፥ ስለ ሰው ዘር፥ ስለ ሰው ድህነት ነው። እንዲህ ያለውን ስድብ የሚሰድበውም ላቡን ያፈሰሰው ተጫዋች ሳይሆን ነጠላውን አጣፍቶ ከዳር የቆመው ነው።

ባለፈው ዓመት የገና ዕለት በዐይኔ ያየሁትን ልናገር። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ልጆች ከጠዋት ጀምረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በሰላም ተጫወቱ። ሁለት ጊዜ ዱላ እግር መታ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመታው ይቅርታ ጠየቀ፤ የተመታውም እያነከሰ ሳቀ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከዳር አንድ ጎልማሳ «ይህን ችለህ ከገባህ እናትህ ቀሚስ ታልብስህ!» ሲል ጮኸ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። የተመታው ልጅ ወደ ሳቁት ሰዎች ዞሮ አየ፤ ከዚያም ወደ መታው ልጅ ዞሮ ዱላውን አነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ከክፍላችን አንድ ልጅ ሊገላግል መካከል ገባና ቀኝ እጁ ተሰበረ። ይህ ልጅ በዚያ ቀን ጥንጓን እንኳ አልነካም። የሰበረው ዱላ ግን ከሁለቱ ወገን ተጫዋቾች በአንዳቸውም እጅ አልነበረም፤ ከዳር ሮጦ የገባ ሰው ይዞት የመጣ ነበር። ጓደኛችን ሁለት ወር በግራ እጁ ሲጽፍ አይተነዋል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሚዘጋጁበት ዓመት ሁለት ወር ምን ያህል እንደ ሆነ ለመምህራኖቻችን መንገር አያስፈልግም። በእጁ መሰበር ሁለት ቤተ ሰቦች ተኮራርፈው ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ በአንድ ማኅበር አልተቀመጡም ነበር። በአገራችን የተመታ ልጅ ነገር በልጁ ላይ ብቻ እንደማይቀር፥ ወንድምና አጎት እንደሚቆጥሩት የታወቀ ነው። ለቀልድ የተወረወረች አንዲት ቃል ይህን ያህል ትሄዳለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለምን?

ይህ የእኛ መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ በትልልቅ ሜዳዎች የሆነውን ላስታውስ። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ወልድያና መቀሌ ከተማ ሊጋጠሙ ቀጠሮ ነበራቸው። ጨዋታው ግን አልተደረገም። ከጨዋታው በፊት በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ተደረሰ። እስቲ ይህን ከ«ማን ጀመረው?» ጋር አስተያዩት። ኳሷ ገና አልተነካችም፤ ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ ማንም ማንንም በጨዋታ አልጠለፈም። ተጫዋቾቹ ምንም ሳያደርጉ ጠቡ ደርሶ አድሮ ነበር። ስለዚህ ጠብ ያለ ጨዋታ እንኳ ሊነሣ እንደሚችል ተገለጸልን፤ ያለ ተመልካች ግን ይህን ያህል ሊያድግ አይችልም።

በውጭም አገር እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ ወር 1962 በዓለም ዋንጫ ቺሊና ኢጣልያ በሳንቲያጎ ከተማ ተጫወቱ። ከጨዋታው በፊት የኢጣልያ ጋዜጠኞች ቺሊንና ዋና ከተማዋን የሚያዋርድ ነገር ጽፈው ነበር፤ የቺሊ ጋዜጦችም አጸፋውን መለሱ። በዚህ ምክንያት ተጫዋቾቹ ሜዳ የገቡት ልባቸው ነድዶ ነበር። ገና በስምንተኛው ደቂቃ አንድ የኢጣልያ ተጫዋች ተባረረ፤ አልወጣም ቢል ፖሊስ አስወጣው። ሌላውም ኋላ ተከተለው። ቡጢውና እርግጫው ከመብዛቱ የተነሣ ያ ቀን «የሳንቲያጎ ጦርነት» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። የዚያ ጨዋታ ዳኛ እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቢጫና የቀይ ካርድን ሐሳብ አመነጩ፤ ካርዱም በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። ካርዱ ተጫዋቹን ይቀጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ብዕሩን አንሥቶ ሁለት ሕዝብ ላሰዳደበው ሰው እስከ ዛሬ ካርድ አልተሠራለትም።

ዱላ ስላነሣን ደግሞ አሜሪካኖች የሚወዱትን ቤዝቦል ላንሣ። ቤዝቦል እንደ ገናችን በዱላ የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታታል። በዚህ ጨዋታ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ የሁለቱም ቡድን ተቀማጮች በሙሉ ወንበራቸውን ትተው ወደ ሜዳ መሮጣቸው የቆየ ልማድ ነው። ያልሮጠ ጓደኛውን እንደ ከዳ ይቈጠራል። በነሐሴ 1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሳንፍራንሲስኮ ጃይንትስና የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲጫወቱ ኹዋን ማሪሻል የተባለው ተጫዋች የተቃራኒውን ቡድን ተጫዋች ጆን ሮዝቦሮን በዱላ ራሱን ፈነከተው። ቁስሉ 14 ጊዜ ተሰፋ። ተቀማጩም ሁሉ ገባና ሜዳው ተናወጠ።

በዚያ ግርግር ውስጥ ግን አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሠራ። የማሪሻል ቡድን ታላቅ ተጫዋች የነበረው ዊሊ ሜይስ ወደ ተፈነከተው ተጋጣሚው ሄደ፤ ደግፎም ከጠቡ አወጣው። እርሱም እንደ ሌሎቹ ከዳር የገባ ሰው ነበር፤ የገባው ግን ሊያበርድ ነው። ማሪሻል በገንዘብና ከጨዋታ በመታገድ ተቀጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለቱ ታረቁ፤ ማሪሻል በ1983 በስመ ጥሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች መዝገብ እንዲገባ ሮዝቦሮ ራሱ ደገፈው። ሮዝቦሮ በ2002 ሲሞትም ማሪሻል በቀብሩ ተገኝቷል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የተፋለጡ ሰዎች እንኳ መታረቅ ይችላሉ፤ መካከል የሚገባ ሰውም እንደ አገባቡ እሳቱን ያቀጣጥላል ወይም ያጠፋል።

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ደግሞ ይህን ነገር በሕግ ይዘውታል። በዚያ ሕግ ጠብ ሲነሣ ከተቀማጭ ወንበር ተነሥቶ ወደ ሜዳ የሚገባ ተጫዋች ማንንም ባይመታም ይታገዳል። በ2007 የሳን አንቶኒዮ ተጫዋች የፊኒክሱን ስቲቭ ናሽን በገፋው ጊዜ ሁለት የፊኒክስ ተጫዋቾች፥ አማሬ ስታውደማየርና ቦሪስ ዲያው፥ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሜዳ ስለ ገቡ ብቻ ለአንድ ጨዋታ ታገዱ። ብዙ ሰው «በደል ነው፤ ምን አደረጉ?» ብሎ ጮኾላቸዋል። እኔ ግን ሕጉን እደግፋለሁ። ሕጉ የሚለው «ጠቡ የሁለት ሰዎች ሆኖ ይቅር፤ የመቶ አታድርጉት» ነው። እኛም የጎደለን ይህ ነው።

አሁን በከተማችን አንዳንድ ሰዎች «የገና ጨዋታ ይቅር፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር የምናደርገውም ግጥሚያ ይቁም» ሲሉ ይሰማል። ያዘኑ ወላጆች ይህን ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ የተሰበረ እጅ በቤታቸው ገብቷልና። ሆኖም በአክብሮት ልቃወማቸው። ጨዋታውን ብንከለክል ተመልካቹ አይለወጥም። ያ ከዳር ሆኖ የሚሳደብ ሰው በሠርግ ላይም፥ በገበያም፥ በእድር ስብሰባም አለ። ጨዋታውን ያጡት ልጆች ግን ከላይኛው ሰፈር ጋር የሚገናኙበት አንድ ቀን ይቀራቸዋል። የማይገናኝ ሰው ደግሞ የሚተዋወቀው በወሬ ብቻ ነው፤ በወሬ የተዋወቀ ሰው በቶሎ ይጣላል።

ጨዋታው በሥርዓት ሊካሄድ መቻሉም የታየ ነገር ነው። በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ገና ከትግልና ከገበጣ፥ ከፈረስ ጉግስም ጋር ተሰልፎ በዳኛና በደንብ ሲካሄድ ቆይቷል። ከየክልሉ የመጡ ወጣቶች በዚያው ዱላ ተጋጥመው በሰላም መለያየት ከቻሉ፥ በአንድ ወንዝ ውሃ ያደግን ልጆች የማንችልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር፥ ለተማሪዎች ማኅበርና ለሰፈራችን ሽማግሎች አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

1ኛ. የሜዳው ጠርዝ በገመድ ወይም በኖራ ይለይ። የተጫዋቹም ቁጥር አስቀድሞ ይወሰን። ከመስመሩ ያልገባ ሰው ተጫዋች አይደለምና ዱላ ይዞ አይቁም።

2ኛ. ጠብ ሲነሣ ከመስመሩ ውጪ የነበረ ሰው ከገባ፥ ማንንም ባይመታ እንኳ፥ የመጣበት ቡድን ጨዋታውን እንደ ተሸነፈ ይቈጠር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ደጋፊ የጎረቤቱን እጀታ ራሱ ይይዛል፤ ብዙ ፖሊስም አያስፈልግም። ለመገላገል ግን ከሁለቱም ወገን አስቀድመው የተመረጡ ሁለት ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ እነርሱ ብቻ ይግቡ።

3ኛ. ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሽማግሌ በዳኛው አጠገብ ይቀመጡ። ልጅ ዳኛን ባይፈራ አባቱን የሚያውቁ ሽማግሌን ያፍራል።

4ኛ. ግጥሙና ስድቡ እንደ ጥንቱ ይቀጥል፤ ነገር ግን ስለ ጨዋታው ብቻ ይሁን። ጥንግ ስለ ሳተ ሰው ብዙ የሚያስቅ ግጥም መግጠም ይቻላል። ስለ ሰው እናትና ስለ ሰው ዘር ካልተናገርን በቀር ግጥም የማይመጣልን ከሆነ ድህነቱ የእኛ ነው።

በመጨረሻም ለጓደኞቼ አንድ ቃል አለኝ። በኮበሌ ዘንድ ከሁሉ የሚፈራው ቃል «ፈሪ» የሚለው ነው። ከዳር የሚጮኸው ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠቀምበታል። ነገር ግን እስቲ እናስብ፤ እርሱ ራሱ አልተመታም፥ አልደማም፥ በማግሥቱም በሕክምና ጣቢያ ደጅ አይጠናም። በሌላ ሰው ልጅ አጥንት ጀግና የሚሆን ሰው ስለ ጀግንነት ሊያስተምረን አይችልም። ሁለት መቶ ሰው እየሳቀበት ዱላውን መሬት ላይ ያኖረ ልጅ ግን በእኔ ሚዛን ከዚያ ሜዳ ሁሉ የበለጠ ጀግና ነው።

ወላጆቻችንም በሚመጣው ገና ወደ ሜዳ ስትመጡ ልጆቻችሁ ጥንጓን ብቻ ሳይሆን እናንተንም እንደሚያዩ አትርሱ። የተመታ ልጅ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት ዞሮ ወደ ዳር ያያል። በዚያች አንዲት ቅጽበት በፊታችን ላይ የሚያነበው ነገር ጨዋታው እንዲቀጥል ወይም ደም እንዲፈስ ይወስናል።